በአማቷ ድምፅ የተነበበው ምዕራፍ

ልብስ ሰፊዋ ከሰባተኛ ክፍል ስትወጣ ያዘነላት ሰው አልነበረም። እሷም ለራሷ አላዘነችም። ትምህርት ቤት ለእሷ እንደ ሰው ጫማ ነበር፤ ከፊት ይጠብባል፣ ከኋላ ይወልቃል። እናቷ ታመው ቤት የሚይዝ ሰው ሲጠፋ "ለጊዜው ነው" ተብላ ቀረች። ለጊዜው የተባለ ነገር ለዕድሜ ልክ መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱሪ አሳጠረች፣ ዚፕ ቀየረች፣ ቁልፍ ተከለች፣ ባል አገባች፣ ልጆች ወለደች፣ ልጆቹም አድገው ሄዱ። ኑሮሽ እንዴት ነበር ብሎ የሚጠይቃት ሰው ቢመጣ በዚህችው አንድ ትንፋሽ ጨርሳ ክሯን በጥርሷ ትበጥስ ነበር።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት በስተእርጅናዋ "የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ" የሚባል ትምህርት ውስጥ የገባችው። ገባች ማለት እንኳን ይከብዳል። ወደቀችበት ቢባል ይሻላል፤ መንገዷን ስትሄድ ክዳኑ የተነሳ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚገባ ሰው።

ነገሩን ያመጣው ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ ነው። ጎረቤቷ ዓይነ ስውር ነው፤ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ተቀምጦ ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ እየተቀበለ ወደየቢሮው ያስተላልፋል። ሰፈሩ "ስልከኛው" ይለዋል። ስልከኛው አንዴ ደውሎ "ሃሎ" ያለ ሰው ከዓመት በኋላ ሲያስል ያውቀዋል። እኛ ሰውን በመልኩ እንደምንለየው እሱ በድምፁ ይለየዋል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ መዘዝ ታመጣለች።

መሥሪያ ቤቱ ማሽን ሊያስገባ ነው ተባለ። "ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ" የሚለውን ዓይነት። ስልከኛው የማታ ተማሪ ስለነበር አለቆቹ ቁርጡን ነገሩት፤ ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር ዲፕሎማውን ካመጣ ወደ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ይዛወራል፤ ካላመጣ አመስግነው ይሸኙታል። የቀረችው አንዲት ትምህርት ብቻ ነበረች፤ እሷም ያቺው ናት። ሌሎቹን ትምህርቶች በድምፅ የተቀዱ አግኝቶ ነው ያለፈው። ይህቺ ግን በወረቀት ላይ ተኝታ ዓይን ያለው ሰው ትጠብቃለች።

"እትዬ፣ ማንበብ ትችያለሽ አይደል?" አላት አንድ ቀን፣ ገበሩ የተተረተረ ኮት ይዞ መጥቶ።

"የሱሪ ቁጥር አነባለሁ።"

"ፊደል እኮ ነው ያልኩሽ።"

"ፊደሉንማ አልረሳሁትም። እሱ ነው የረሳኝ።"

"እንግዲያው የሚያስታርቃችሁ ሽማግሌ ይዤ መጥቻለሁ" አለና ከኮቱ ስር በሽቦ የተጠረዘ ሞጁል አውጥቶ የስፌት መኪናዋ ላይ አኖረው። የሱሪ ክምር ባታስደግፈው ኖሮ ከክብደቱ የተነሳ ይንሸራተት ነበር።

ገለጥ አድርጋ የመጀመሪያውን መስመር አየች። "የሀብት ምንጭ ምንድን ነው?" ይላል።

"ይህን ለመጠየቅ ነው ይህ ሁሉ ወረቀት?"

"ለመመለስ ነው እንጂ።"

"መልሱን ካወቁት ለምን አላጠረም?"

"አልተስማሙማ። ብዙ መቶ ዓመት ተጨቃጭቀውበታል።"

"እንደኛ ግቢ የውሃ ተራ በለኛ" አለች። ስልከኛው ሳቀ። እሷ ደግሞ ሰው ካሳቀች በኋላ እምቢ ማለት አይሆንላትም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ለእንደሷ ዓይነቷ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ሲቀንስ፣ በስልኳ እየቀዳች ታነባለች፤ ማታ ሲገባ ትልክለታለች። የመጀመሪያውን ቀን አንብባ ላከች። በማግስቱ ስልከኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ "እትዬ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ሐሳብ በደንብ አልገባኝም። ግን በጣም ጥልቅ ነው" አላት።

ስልኩን ከፍታ ብትሰማው ከሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ጀምሮ ያለው የራሷ ማንኮራፋት ነው።

እንቅልፉን ለማባረር አንድ ዘዴ ፈጠረች። ፈጠረች ስንል መቼስ ሌላ የምታውቀው ስላልነበረ ነው። ልጆቿን ስታሳድግ ተረት የምትነግራቸው በየእንስሳው ድምፅ ነበር። ሊቃውንቱንም እንደዚያው አደረገቻቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሰዎች ሀብት ማለት በንጉሥ ሣጥን የተከማቸ ወርቅና ብር ነው ይላሉ፤ ብዙ ሽጥ፣ ጥቂት ግዛ፣ ያገኘኸውን አታስወጣ። ይህን ስታነብ ባሏ ፊቷ ድቅን አለ። ባሏ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ የተጣመመ ሚስማር፣ ክዳን የሌለው ጠርሙስ፣ እጀታ የሌለው ጃንጥላ አልጋ ስር ያከማቻል፤ "ቀን ያወጣዋል" ይላል። እነዚያን ሊቃውንት "ወርቅ ሰብሳቢዎቹ" ብላ ሰየመቻቸውና በባሏ ቀርፋፋ፣ ጉሮሮ በሚጠርግ ድምፅ አነበበቻቸው።

ቀጥለው የመጡት ሀብት ሁሉ ከመሬት ብቻ ነው የሚሉት ናቸው። "መሬት አምላኪዎቹ" አለቻቸው። በአባቷ ድምፅ አነበበቻቸው፤ አባቷ ገበሬ ነበሩ፣ አንድ ቃል ተናግረው ሁለተኛውን እስኪያመጡ እሸት ይደርሳል። በመልካም ሁኔታ እየሄደች ሳለ፣ እነዚህ ሊቃውንት ከገበሬ በቀር ሌላው ሠራተኛ፣ ሸማኔውም፣ ልብስ ሰፊውም፣ በሀብት ላይ ቅንጣት የማይጨምር "መካን" ነው ያሉበት ገጽ ላይ ደረሰች።

"እስቲ ራቁታችሁን እረሱ!" አለች በራሷ ድምፅ።

ስልኩ እየቀዳ መሆኑን የረሳችው ለአፍታ ነው፤ ለስልከኛው ግን ለሁልጊዜ ተቀዳ። በኋላ እንደነገራት ያችን ቦታ እየመላለሰ ነው የሚሰማት።

ሦስተኛው ምዕራፍ ዋጋ የሚለካው በተደከመበት ሥራ ነው የሚሉት ሰዎች ነበር። "ላብ መዛኞቹ" አለቻቸው። የእነሱን ድምፅ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም፤ ሰፈሩ "እማማ" የሚላቸው የባሏ እናት፣ አማቷ፣ ከጀርባዋ በመጋረጃ ማዶ ነው የሚቀመጡት። አማቷ ጉሮሯቸው ውስጥ ጠጠር የሚንከባለል ይመስላል። ከአልጋ እስከ በር ቢሄዱ የሄዱበትን ያህል ድካም ይቆጥራሉ፤ "እኔ ለዚህ ቤት ያፈሰስኩት ላብ ወንዝ ይሞላ ነበር" ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ ድምጿን ወደ ሆዷ ዝቅ አድርጋ፣ ጠጠሩን እያንከባለለች ምዕራፉን ጨረሰች። እሳቸው እንዳይሰሟትም ውኃ ሊቀዱ ወይም ሊሳለሙ በወጡበት ሰዓት ነው ያነበበችው።

አራተኛው ምዕራፍ የላብ መዛኞቹ ባላንጣዎች ናቸው። የለም፣ ዋጋ ከሠሪው ላብ ሳይሆን ከፈላጊው ልብ ነው ይላሉ። የጠማው ሰው የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ውሃ በነፍሱ ይገዛታል፤ አምስተኛዋን በነጻ ቢሰጡት እንኳን ተዉኝ ይላል፤ ስለዚህ የዕቃን ዋጋ የሚቆርጠው የመጨረሻዋ ብርጭቆ ናት። ልብስ ሰፊዋ ለእነዚህ አንዲት ደንበኛዋን አጭታላቸው ነበር፤ ያቺን አንድ ቀሚስ አራት ጊዜ የምትመልሰውን፣ በአፍንጫዋ እንደ መርፌ በቀጠነ ድምፅ "እዚህ ጋ ትንሽ፣ እዚያ ጋ ትንሽ" የምትለዋን።

ግን ጉንፋን ያዛት። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንዲሉ፣ ያ ድሮም የማያምር ድምፅ ጭራሽ ተዘጋ። ቀጭኑ አልወጣ አለ። ብትሞክር ብትሞክር ከጉሮሮዋ የሚወጣው ያው የአማቷ ጠጠር ነው። "ይሁን እስቲ" አለች፤ ይህን ቃል ባትወድ ኖሮ ሕይወቷ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ሶፍት አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ እያስነጠሰች፣ ምዕራፉን አንብባ ላከች። አንድ ሌላ ልማድም ነበራት፤ መቅጃውን ሁልጊዜ ዘግይታ ነው የምትጫነው። የምዕራፉ ርዕስ አንድም ቀን ተቀድቶ አያውቅም። እስከዚያ ቀን ያ ምንም አልጎዳም፤ ድምፁ ራሱ ርዕስ ነበር።

"እማማ ዛሬ ደግሞ ምን ነክቷቸው ነው የለሰለሱት?" አላት ስልከኛው በማግስቱ።

እሷ አስነጠሰች። መልሷ ይኸው ብቻ ነበር።

ፈተናው ደረሰ። ኮሌጁ ለስልከኛው ጥያቄ የሚያነብለትና የሚለውን የሚጽፍለት ሰው ይፈቅዳል፤ ሆኖም አንባቢው ትምህርቱን የማያውቅ፣ ቢቻል ብዙ ያልተማረ ሰው ይሁን ይላል ደንቡ። መልሱን ሹክ እንዳይለው ነው።

"አንቺ ነሽ የምትሄጂው" አላት። "ከአንቺ የተሻለ ሰው ከየት አመጣለሁ?"

"ሰባተኛ ክፍል አቋርጬ አንድ ቀን ለሹመት እበቃለሁ ብዬ አላሰብኩም" አለች። ቢሆንም ደህና ጫማዋን አደረገች። ሲጠብባት የትምህርት ቤቱ ዘመን ትዝ አላት።

ፈተናው ክፍል ውስጥ ሳይሆን እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች የተከመሩበት መጋዘን ውስጥ ነው የተሰጠው፤ ሌሎቹን እንዳይረብሹ። ፈታኙ ማስቲካ የሚያኝክ ወጣት ነው። "እናት፣ ጥያቄውን ያነባሉ፣ ካልሰማ ይደግማሉ፣ የሚለውን ይጽፋሉ። ሌላ ነገር የለም" አላትና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ወርቅ ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ ስልከኛው እንደ ወንዝ ወረደ። መሬት አምላኪዎቹም ጋ አልተደናቀፈም። እሷም እጇ ደክሞ ልቧ ግን ሞቅ አለው፤ የሚለውን ሁሉ ታውቀዋለች፣ እሷው ናት የነገረችው። ለአንዲት ቅጽበት የተማረች ሴት ምን እንደሚሰማት ገባት። እንዲህ ያለው ስሜት እሷ ዘንድ ሲመጣ ዋጋውን ሳይቀበል አይሄድም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነጥብ ያለው ነው። ዋጋ ከሥራ ይመነጫል ያሉት ሊቃውንት ሐሳባቸው ምንድን ነው፣ የተቃወሟቸውስ እነማን ናቸው፣ ምን አሉ ይላል።

"ጻፊ" አለ ስልከኛው። "እነዚህ ሊቃውንት ዋጋ ከላብ ነው ብለው ተነሱ። ወንበር የሚወደደው አናጺው ስለደከመበት ነው አሉ።"

ጻፈች።

"በስተእርጅናቸው ግን ተጸጸቱ።"

እጇ ቆመ። "ምን አሉ?"

"ተጸጸቱ። የጠማው ሰው የመጀመሪያዋን ብርጭቆ በነፍሱ ይገዛታል፣ አምስተኛዋን ግን ተዉኝ ይላል፤ ለካስ ዋጋ ከጠጪው ጥም ነው አሉ። የተቃወሟቸው እነሱው ራሳቸው ናቸው።"

ያን ጊዜ ጉንፋኗ፣ ሶፍቷ፣ ያ "ይሁን እስቲ" ያለችው ቀን፣ ሁሉም ተሰልፈው መጥተው ፊቷ ቆሙ። ሁለቱን ጠበኞች በአንድ ጉሮሮ አንብባቸው አንድ ሰው አድርጋቸዋለች። ዓመቱን ሙሉ የለፋበት፣ እንጀራው የተንጠለጠለበት ነገር በእሷ አፍንጫ መደፈን ሊፈርስ ነው። ተሳስተሃል ማለት አትችልም፤ ፈታኙ ማስቲካውን እያኘከ ቢሆንም ጆሮው ክፍት ነው። መድገም ግን ተፈቅዷል።

"ጥያቄውን ልድገምልህ" አለችው።

"ሰምቼዋለሁ እኮ።"

"አልሰማኸውም። እደግምልሃለሁ።"

ጉሮሮዋን ጠረገች። ዋጋ ከሥራ ይመነጫል ያሉትን በአማቷ ድምፅ፣ የተቃወሟቸውን ደግሞ በዚያች በቀጭኗ ደንበኛ ድምፅ አነበበች። ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ይስማ ብላ ነው። ፈታኙ ማኘኩን አቆመ።

"እናት፣ አመመዎት እንዴ?"

"ጉንፋን ነው" አለች። ጉንፋኑ ከለቀቃት ሰንብቷል፤ ቢሆንም ጥፋቱ የእሱ ነውና ውሸት አልመሰላትም።

የስልከኛው ፊት በራ። ቀጭኗን ድምፅ በሕይወቱ ሰምቷት አያውቅም፤ ምን እንደሆነችም አልገባው። የአማቷን ድምፅ ግን ያውቃታል፤ ላብ የመዘነችውም ብርጭቆ የቆጠረችውም እሷ ናት። "አሁንማ ቁልጭ አለልኝ!" አለና ስለ ሊቃውንቱ ንስሐ ሁለት ገጽ ሙሉ አስጻፋት፤ እንዴት እንደተጸጸቱ፣ ለምን እንደተጸጸቱ፣ ቀደም ብለው ቢጸጸቱ ኖሮ ዓለም ምን ትመስል እንደነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚያ መጋዘን ውስጥ ወረቀቱም ነበረ፤ ሞኟም ብዕሩን ይዛ ተቀምጣለች። "ቅንድብ ላሳምር ብላ..." የሚለው ተረት ትዝ ሊላት ሲል በአጠገቧ ማን እንደተቀመጠ አስታውሳ ግማሹን ዋጠችው።

ከሕንጻው ሲወጡ ደረጃው ላይ ክንዷን እንደያዘ፣ "እንዴት ነው? ጽሑፍሽ ይነበባል?" አላት።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ዝም ልትል ትችል ነበር። አልሆነላትም። ደረጃው ሲያልቅ ሁሉንም ነገረችው።

ዘንጉን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ።

"ሁለት ሰዎች ናቸው?"

"ሁለት ሰዎች ናቸው። ተጠላልተው የኖሩ።"

"አልተጸጸቱም?"

"እማማ ተጸጽተው ያውቃሉ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። "እና ያ ጥያቄውን የደገምሽልኝ..." አለ።

"ልረዳህ ብዬ ነው።"

"ረድተሽኛል" አለና ክንዷን ለቆ በዘንጉ ብቻውን ሄደ። ያን ያህል ጊዜ አብረው ሲመላለሱ ክንዷን ለቆ ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር። እጁ ቀላል ነበረች፤ ስትነሳ ነው የከበደቻት።

ውጤቱ ሲለጠፍ ወድቋል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ "ይህ ንስሐ በታሪክ አይታወቅም" ብለው ጽፈውበታል። አንድ ዕድል ግን አለው፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃል ይጠየቃል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ነው። በዚያ ፈተና አንባቢ አያስፈልግም መባሉን ስትሰማ ደስም አላት፣ ደስ ማለቷም አናደዳት።

ስልከኛው በሯን አላንኳኳም። በግድግዳው በኩል የሌላ ሰው ድምፅ መስማት ጀመረች፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኛው ነው፣ ዲግሪ ያለው፣ ሲያነብ ዘይት የተቀባ ይመስላል። መርፌዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ዓይኗን ተክላ ስትቀር ባሏ አያት።

"ምነው፣ የተፈታሽ ትመስያለሽ።"

"ሱሪህን አሳጥርልሃለሁ፣ ዝም በል።"

የቃል ፈተናው ሳምንት ሲቀረው በሩ ተንኳኳ። ስልከኛው ሞጁሉን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል።

"የተማረው ሰውዬስ?" አለችው፤ ድምጿ ውስጥ ያለውን ቅናት መደበቅ አልቻለችም።

"ያነባል እትዬ። እንደ ዝናብ ያነባል፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት። ወርቅ ሰብሳቢውም እሱ፣ መሬት አምላኪውም እሱ፣ ሁሉም አንድ ሰው ሆኑብኝ። አሁን ጭራሽ ሁሉም የተጸጸቱ ይመስለኛል።"

"ሌላ ፈልግ። እኔ የነካሁት ነገር ሲያምርበት አይተህ ታውቃለህ?"

"ኮቴን አሳምረሽ ሰፍተሽዋል።"

"ኮት አይፈተንም።"

"እትዬ፣ ማሽኑ መጥቷል" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ኮሪደሩ ላይ በካርቶኑ እንዳለ ቆሟል። በመጣሁ በሄድኩ ቁጥር ዘንጌ ይመታዋል።"

ከዚያ በኋላ ምን ይባላል። ወንበር ሳበችለት፤ መቅጃውን በጊዜ ተጫነች፤ "ምዕራፍ ሦስት፣ ላብ መዛኞቹ" ብላ ርዕሱን ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ ጠጠሯን አንከባለለች። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እንደደረሰች መጋረጃው ተገለጠ። አማቷ ወጥተዋል ብላ ነበር፤ ለካ ጋደም ብለው ኖሯል።

"ማነው እኔን የሚናገረኝ?"

ልብስ ሰፊዋ ሞጁሉን ከፍ አድርጋ ፊቷን ሸፈነችበት።

"እኔ ነኝ እንዲህ የማወራው?"

"ትንሽ ይመስላል እማማ" አለ ስልከኛው።

"ትንሽም አይመስል! ይህቺ ጉሮሮዋ ላይ አጥንት የተሰነቀረባት ሴት ናት እንጂ እኔ ነኝ? እስቲ፣ ምን እያልኩ ነው?"

"ዋጋ ከላብ ነው እያሉ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መሬቱ ቢከፈት ሳትለካው ለመግባት እየተመኘች።

"እኔ ነኝ ያልኩት?"

"ሊቃውንቱ ናቸው። በእርስዎ ድምፅ።"

አሮጊቷ አሰቡ። "ነገሩስ እውነት ነው" አሉ በመጨረሻ። "እውነት ከሆነ ደግሞ በደንብ ይነገር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንቺ ሹክ በይኝ፣ እኔ እላለሁ። ተነሺልኝ ከወንበሩ!"

እንዲህ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ሥራዋ ላይ ተተክተውባት፣ ሞጁሉን ይዛ ከአማቷ ጆሮ ስር አጎነበሰች።

"የአንድ ዕቃ ዋጋ በፈሰሰበት ሥራ ይለካል" ሹክ አለች።

"የአንድ ዕቃ ዋጋ በፈሰሰበት ሥራ ይለካል!" አሉ አማቷ፣ የቤቱ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ። "እንዲያ ከሆነማ ይህ ልጄ ስንት ያወጣ ነበር! ሦስት ቀን ነው ያማጥኩት!"

"እማማ፣ ይሄ የለበትም..."

"የለበትም ይሉኛል፣ ይግባበት!"

"እኔን ለምን ታነሱኛላችሁ?" አለ ባሏ ከጓዳ።

"ዝም በል፣ አንተ አትጠየቅም! ቀጥዪ አንቺ።"

ስልከኛው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል፤ ትከሻው ይርገበገባል።

አራተኛው ምዕራፍ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ተራዋን ወሰደችና ቀጭኗን ደንበኛ አመጣች። "አንድን ነገር ውድ የሚያደርገው የፈላጊው ስሜት ነው" ብላ በአፍንጫዋ ስትጀምር፣ አማቷ ከጎን "ውሸት!" አሉ። "አምስተኛዋ ብርጭቆ ከአራተኛዋ ያነሰ ዋጋ አላት" ስትል፣ "ወንዝ ወርደሽ ስትቀጂያት ነው ዋጋዋን የምታውቂው!" አሉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ያለ ተቃውሞ አላለፈችም። ልብስ ሰፊዋ እንደገና ልቅዳው፣ ዝም ይበሉልኝ ብላ ልትለምን ስትል ስልከኛው እጁን ዘረጋ።

"ተያቸው እትዬ። እንደዚሁ ነው የምፈልገው። አሁን መቃብር ውስጥ ብገባ ሁለቱን አላምታታቸውም።"

የፈተናው ቀን ብቻውን ሄደ። እሷ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጆሮዋን ወደ በሩ አድርጋ፣ የአንድ የባንክ ሠራተኛ ሱሪ ስታሳጥር ዋለች። ዘንጉ አጥሩን ሲነካ ቀና ብላ ሥራዋን አየች፤ አንዱን እግር ሁለት ጊዜ አሳጥራዋለች፣ ሌላውን አልነካችውም።

ስልከኛው እስኪቀመጥ አልጠበቀም። "ደህና ጀመርኩ። በራሴ ድምፅ። ሦስተኛዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን እማማ ወጡ።"

"ከየት?" አለች።

"ከአፌ ነዋ! ሳላውቀው እንደ እሳቸው መናገር ጀመርኩ። መምህሩ አስቆሙኝ። ይህ የማን ድምፅ ነው አሉኝ። የላብ መዛኞቹ ተወካይ ናቸው አልኳቸው።"

"ወይ ጉዴ! ተቆጡ?"

"ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። ሳቅ ይሁን ቁጣ አላወቅሁም። ከዚያ 'እኚህ ተወካይ ተጸጽተዋል?' አሉኝ። ኧረ በጭራሽ፣ እሳቸው አይጸጸቱም አልኩ።"

"እና?"

"ሲ ሰጡኝ።"

"ሲ ምንድን ነው?" አሉ አማቷ፣ መጋረጃውን ገልጠው።

"አልፌያለሁ እማማ። ለጥቂት ነው እንጂ አልፌያለሁ።"

"በእኔ ነው ለጥቂት?"

"በእርስዎ በኩል ሙሉ ነው። ያጎደሉብኝ በብርጭቆዎቹ በኩል ነው።"

አማቷ ልብስ ሰፊዋን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "አላልኩም? ያ የአፍንጫ ድምፅ ለሰው አይሆንም።"

ልብስ ሰፊዋ ሒሳቧን ሠራች። ዓመት ሙሉ አንብባ፣ አንኮራፍታ፣ ታማ፣ አምታታ፣ አስታርቃ፣ መጨረሻ ላይ የደረሳት የጎደለው ነጥብ ነው። ተገቢም መሰላት። ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ስልከኛው እጁን ዘርግቶ እየዳበሰ ክንዷን አገኘና ያዘው። እሷም ክንዷን አላንቀሳቀሰችም፤ ሌላኛው እጇ ብቻ ሥራ ፈቶ እንዳይቀመጥ የተበላሸውን ሱሪ መተርተር ጀመረ።

ሊሄድ ሲል ሞጁሉን መኪናዋ ላይ አኖረው። "እኔ ወረቀት ምን ያደርግልኛል፤ ላንቺ ይሁን" አላት።

አንድ ሳምንት ሙሉ የሱሪ ክምር መደገፊያ አድርጋው ሰነበተች። ከዚያ አንድ የሸሚዝ ኮሌታ ለመቁረጥ ልኬት የሚወጣበት ደንደን ያለ ወረቀት አጣች። ሞጁሉን ከፈተች፤ ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። ወርቅ ሰብሳቢዎቹን ባሏ እንዳይቀየማት ተወቻቸው፤ ላብ መዛኞቹን መንካት ደግሞ እዚያ ቤት የሚያኖር አይደለም። ብርጭቆዎቹም ይቆዩ አለች፤ አንድ ቀን በደህና ጉሮሮ ታነባቸው ይሆናል። መሬት አምላኪዎቹ ጋ ስትደርስ ያችን "መካን" የምትለዋን ገጽ ፈልጋ አገኘች፤ ከሽቦው ላይ ቀስ ብላ ነቀለቻት፤ በጠመኔ ኮሌታውን ሣለችባትና መቀሷን አነሳች።

ኮሌታው አምሮ ወጣ።